«ሀገርህን እወቅ» ወይስ «ሀገርህን ፎቶ አንሳ»?

ቅዳሜ ነው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት። ጂንካ ገና አልነቃችም። በአንዱ ሆቴል ግቢ ውስጥ ግን ሁለት ላንድክሩዘሮች ሞተራቸው ተነስቶ ይጠብቃሉ። ሾፌሮቹ ይቸኩላሉ። ከአዲስ አበባ አብሮ የመጣው አስጎብኚ ከእነሱም ብሶበታል። ለጎብኚዎቹ ማታውኑ ተነግሯቸዋል፦ ሙርሲ መንደር በጠዋት መድረስ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ከበረታ ፎቶው አያምርም፣ ከሰዓት ደግሞ ሰዎቹ ጠጥተው ያስቸግራሉ።

መኪኖቹ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ቁልቁል ይወርዳሉ። ደንቡ ስለሆነ አንድ የአካባቢ አስጎብኚና አንድ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ተጭነዋል። መንደሩ ሲደረስ ሴቶቹ ተሰልፈዋል። የከንፈር ሸክላቸውን አድርገዋል። ራሳቸው ላይ የከርከሮ ጥርስና ቀንድ አስረዋል፤ አንዷ ቅርጫት ገልብጣ ደፍታለች። ምርጫው ይጀመራል። «ይቺን፣ ያቺን፣ ልጅ ያዘለችውን።» ያልተመረጠችው የጎብኚውን ክንድ ይዛ ትጎትታለች። ካሜራው ጠቅ ባለ ቁጥር ብር ይቆጠራል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ወደ መኪናው ይመለሳል።

እኩለ ቀን ላይ ጂንካን መልሰው ያቋርጧታል። በዚያ ሰዓት የከተማዋ የቅዳሜ ገበያ ደምቋል። አሪው ከደጋ እህልና ሸክላ ይዞ ወርዷል፤ ባናው መጥቷል፤ አልፎ አልፎም ያው ጠዋት በፎቶ የተነሳው ሙርሲ ዘመድ ወይም ጎረቤት እህል ሊሸምት ገበያው መሃል ቆሟል። መኪኖቹ ግን መስኮታቸውን ዘግተው ያልፋሉ። ምሳ፣ ነዳጅ፣ ከዚያ ቱርሚ። በጉዞው ፕሮግራም ላይ ጂንካ ያላት ቦታ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አዳር»።

የደቡብ ኦሞ ጉብኝት ሕመም እዚህ ላይ ነው። የሚያውቀው ዝም ይላል፣ የማያውቀው ይተርካል፣ የሚተረክለት ደግሞ ፎቶውን ይዞ ይሄዳል። ይህን ጉዞ «ሀገርህን እወቅ» በሚል ስም የሚሸጥ ሁሉ ደንበኛውን እያታለለ ነው።

*

ላሊበላ ሄዶ ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ከአዲስ አበባ የመጣ ሾፌር እንዲያብራራለት የሚጠብቅ ጎብኚ የለም። እዚያ የሚያስጎበኘው ደብሩ ሥር ያደገ፣ የበዓላቱን ቀን ከነሥርዓቱ የሚያውቅ ልጅ ነው። ሐረርም እንዲሁ ነው። ጀጎል ውስጥ መንገደኛውን ከበር ወደ በር፣ ከአንዱ ጠባብ መንገድ ወደ ሌላው የሚመራው በዚያው ግንብ ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። ሁለት ቀን ሐረርን በእግሩ የዞረ ሰው ከተማ ጎብኝቶ ይመለሳል፤ የሚተርከው ነገርም አለው።

ጂንካ ይህን የሚሠራ ሰው አጥታ አይደለም። አሪኛ አፉን የፈታ፣ ሐመርኛ የሚናገር፣ ከሙርሲ ጋር የሚግባባ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፍ ወጣት በከተማዋ አለ። ከተማዋን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ተሠርቷል። ማዕከሉ ከጀርመናዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኢቮ ስትሬከር ሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስትሬከርና ባለቤቱ ጂን ላይዳል ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሐመር ውስጥ ኖረው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ ሐመሮች ስለ ራሳቸው የሚሉትን በዝርዝር መዝግበዋል። ጂንካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲም አለ።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? የጎደለው ድርሻ ነው። የጂንካው አስጎብኚ በፕሮግራሙ ውስጥ የተሰጠው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ደንብ ስለሚያስገድድ ይያዛል፣ ለመንደሩ በር ይከፍታል፣ ዋጋ ይደራደራል፣ ጎብኚ ሲቆጣ ስድቡን ይቀበላል። ሙሉውን ጉዞ የሚተርከውና ሙሉውን ዋጋ የሚቆርጠው ግን ሌላ ሰው ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው ተረት ደቡብ ኦሞ ሲደርስ ተገልብጧል።

*

የማያውቅ ሰው ሲተርክ ምን እንደሚወለድ ለማየት የከንፈር ሸክላውን ታሪክ መከተል ይበቃል።

ጎብኚው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ተረቶች አንዱን ይሰማል። አንደኛው፣ ሴቶቹ ከንፈራቸውን የሰነጠቁት ባሪያ ፈንጋይ እንዳይወስዳቸው መልካቸውን ሊያበላሹ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ሸክላው በሰፋ ቁጥር የጥሎሹ ከብት ይበዛል ይላል። ሁለቱም ለጆሮ ይጥማሉ፤ ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ተነግረው ያልቃሉ፤ ለዚህም ነው መኪና ውስጥ የሚመቹት።

እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ምሁር ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ወደ ሙርሲ ሲመላለስ ኖሯል፤ ሁለቱንም ተረቶች አልተቀበላቸውም። ጥሎሹን በተመለከተ ነገሩ ቀላል ነው፦ የከብቱ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ስምምነት ላይ የሚደረሰው የልጅቷ ከንፈር ከመሰንጠቁ በፊት ነው። ገና ያልተሠራ ሸክላ ዋጋ ሊወስን አይችልም። ሥርዓቱ በሙርሲዎች ዘንድ ያለው ትርጉም ሌላ ነው። ልጅቷ 15 ወይም 16 ዓመት ገደማ ሲሆናት እናቷ ወይም ሌላ ሴት የታችኛውን ከንፈሯን ትሰነጥቃለች፤ ቁስሉ እስኪድን እንጨት ይገባበታል፤ ከዚያ በየወራቱ በሚተልቅ መሰኪያ ይሰፋል። እስከምን ድረስ እንደሚሰፋ የምትወስነው በአብዛኛው ራሷ ልጅቷ ናት። ሸክላው ለአካለ መጠን የመድረስና የሴት ልጅ ክብር ምልክት ነው። ለወንዶች ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብ፣ በሥርዓተ በዓል ላይ ታደርገዋለች።

ከርከሮው ጥርስና የተገለበጠው ቅርጫትስ? ይህ ጌጥ አብዛኛው ከፎቶ ገበያው ጋር የመጣ ነው። ጎብኚው «እንግዳ» ነገር ይፈልጋል፤ ብሩ የሚሰጠው በምርጫ ነው፤ ለመመረጥ ደግሞ ከጎረቤት በልጦ መታየት ግድ ነው። ስለዚህ ጎብኚው «ጥንታዊ ባህል» ብሎ ያነሳው ፎቶ ራሱ የፈጠረው ነገር ነው። በመስተዋት ራሱን አይቶ ሙርሲን አየሁ ይላል።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የሙርሲ ቁጥር 7,500 ያህል ነበር። ይህን ያህል አነስተኛ ሕዝብ ነው ፊቱ የፖስት ካርዱን፣ የካላንደሩን፣ የሆቴሉን ግድግዳ የሞላው። ተርተን እንደጻፈው ሙርሲዎቹ ራሳቸው ነገሩ ግራ ይገባቸው ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ፎቶውን ወስደው ምን ያደርጉበታል እያሉ ይጠይቁት ነበር። እስከ ዛሬ በቅጡ የመለሰላቸው የለም።

*

የጉዞ መጽሐፍ ሁልጊዜ አንድ ሰው ለአንድ ሰው የሚጽፈው ነው። ስለ ኢትዮጵያ ከታተሙት ትልልቅ የጉዞ መምሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1938 ሚላኖ ላይ የወጣው የ«ጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ» መምሪያ ነው። የተጻፈው ለወራሪው አንባቢ ነበር፤ መንገዱንም መንደሩንም የቆጠረው በወራሪው ዓይን ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተለውጧል። የፊሊፕ ብሪግስ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ፣ የሎንሊ ፕላኔትም መጽሐፍ እንዲሁ፣ ለብዙ ሺህ መንገደኞች አገልግለዋል። ለከተሞቹ ሆቴሎችም እንግዳ አምጥተዋል። ፈረንጅ ለፈረንጅ መጽሐፍ ስለጻፈ አይወቀስም። የሚወቀሰው ሌላ ሰው እስኪጽፍለት የጠበቀው ባለቤቱ ነው።

ምክንያቱም በሩቅ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ የሚያየው መንገደኛው የሚያየውን ብቻ ነው። «ማለዳ ሂዱ፣ ከሰዓት ሰክረው ያስቸግራሉ» የሚለው ምክር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከአስጎብኚ ወደ አስጎብኚ ሲተላለፍ ኖሯል። አረቄው ከየት እንደሚመጣ ግን አይጻፍም። ሙርሲ አረቄ አያወጣም። ጠርሙሱ የሚመጣው ከከተማ ነው፤ የሚገዛበት ብር ከፎቶው ነው። ጠዋት ብሩን የሰጠው ጎብኚ ከሰዓት ስካሩን ሸሽቶ ሄዷል።

ያልተጻፈው ሌላም አለ። ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ 243 ሜትር ከፍታና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የኦሞ ወንዝ በየዓመቱ ሞልቶ፣ ደለሉን በዳርቻው ጥሎ፣ ሲጎድል ሙርሲው፣ ካሮው፣ ዳሰነቹ ማሽላ የሚዘራበት የዘመናት ሥርዓት ከግድቡ ጋር ተቋርጧል። የኦሞ ኩራዝ የስኳር እርሻ የግጦሽ መሬቱን ካርታ ለውጧል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ወንዙና የቱርካና ሐይቅ ተስፋፍተው በዳሰነች ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅለዋል። በዚህ ሁሉ መሃል ብሮሹሩ ዛሬም «ያልተነካ ሕዝብ» ይላል። ግድብ፣ ስኳር፣ አስፋልት፣ ክላሽና ሞባይል የነካው ሕዝብ እንዴት ነው ያልተነካ የሚባለው? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የጂሚ ኔልሰን የፎቶ መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ ሰዎቹ ከማለፋቸው በፊት እናንሳቸው የሚል መልእክት ነበረው። ማን እያሳለፋቸው እንደሆነ የሚጠይቅ ምዕራፍ ግን ለዚህ ዓይነት መጽሐፍ አይመቸውም።

መንግሥትም ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። በጥር 2003 ዓ.ም. የአርብቶ አደሮች ቀን ጂንካ ላይ ሲከበር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የውጭ ተቺዎችን ወቅሰው ነበር፤ አርብቶ አደሩን የቱሪስት መስህብ አድርገው ሊያቆዩት ይፈልጋሉ ብለው። ወቀሳው ስኳሩንና ግድቡን ለመከላከል የተነገረ ነበር። ያም ሆኖ ያው መንግሥት የሚያሳትመው የቱሪዝም ፖስተር ላይ ያለው ፊት አልተለወጠም። ሰውዬው ለልማት ሲሆን «መስህብ አይደለም»፣ ለፖስተር ሲሆን «መስህብ» ነው። በሁለቱም ጊዜ የጠየቀው የለም።

*

በፈረንጅ ማላከክ ቀላል ነው። ዛሬ ግን በዓል በመጣ ቁጥር የቴሌግራም ገጾች «ኦሞ ሸለቆ፣ ሦስት ቀን ሁለት ሌሊት» በሚል ማስታወቂያ ይሞላሉ፤ ተጓዡም ኢትዮጵያዊ ነው። ነገሩ የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። ይህ ተጓዥ ፈረንጁ የያዘውን መጽሐፍ እንኳ አልያዘም። የያዘው ቲክቶክ ነው። ሰዎቹን እያሳየ ይስቃል፣ ልብሳቸው ላይ ይቀልዳል፣ ክፍያ ሲጠየቅ «ለሀገሬ ሰው ደግሞ እከፍላለሁ?» ብሎ ይቆጣል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል።

የሐመርን የከብት ዝላይ እንውሰድ። ዝላዩ ለወጣቱ የጋብቻ በር የሚከፍት ሥርዓት ነው። ዘመድ ከሩቅ ይጠራል፣ ቤተሰቡ ወጪ ያወጣል፣ እህቶቹና የሥጋ ዘመዶቹ ለእሱ ያላቸውን ታማኝነት ለማሳየት በ«ማዞች»፣ ማለትም ዘለው ገና ባላገቡ ወጣቶች፣ ይገረፋሉ፤ ያ ግርፋት በኋላ ዘመን ወንድሙ ላይ የሚጠየቅ ውለታ ነው። በአጭሩ፣ ጎብኚው የገባው ሰው ቤት፣ በደስታ ቀን ነው። አንድ ሰው ጎጃም ውስጥ የማያውቀው ሠርግ ቤት ቲኬት ቆርጦ ገብቶ፣ ካሜራውን ሙሽራዋ ፊት ደቅኖ፣ ሥርዓቱ ሳያልቅ «ጨለመብን» ብሎ ቢወጣ ምን ይባላል? ሐመር ላይ ሲሆን ይህ «ቱር ፓኬጅ» ይባላል። ግርፋቱን አንዱ «ጭካኔ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ውበት» ብሎ ይለጥፋል። የተገረፈችውን የጠየቀ ግን የለም።

ሀገሬው ሊያውቅ የሚችለውን እንኳ ሳያውቅ ይመለሳል። የታሪኩ ጋንካሲ «ዲሽታ ግና» በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሁሉ ሲያስጨፍር፣ ዲሽታ ግና የአሪ ዘመን መለወጫ መሆኑን፣ በታኅሣሥ ጂንካ ላይ እንደሚከበር ስንቱ ጠየቀ? ኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ ቫይረስ ጂንካ ላይ መገኘቱ ሲታወጅ ከተማዋ ለብዙ ሰው በካርታ ላይ የታየችው ያን ጊዜ ነው። አንድ ከተማ በሸክላና በቫይረስ ብቻ ከታወቀች ጥፋቱ የከተማዋ አይደለም።

*

መልስ የሚሰጡ አሉ። የመጀመሪያው «ገንዘቡ ለሰዎቹ ይደርሳል» የሚል ነው። ይደርሳል፤ በአንድ ወቅት በጠቅታ 2 ብር፣ ኋላም 5 ብር እየተባለ። ጥያቄው በምን መልክ ይደርሳል የሚለው ነው። በጠቅታ የሚከፈል ብር እህትን ከእህት ያሻማል፣ ሕፃኑን ከትምህርት ቤት ወደ መኪና ዳር ይጎትታል፣ የተመረጠውን አክብሮ ያልተመረጠውን ያዋርዳል። ያው ብር ለመንደሩ በአንድነት ቢከፈል ወፍጮ ይሆናል፣ የከብት መድኃኒት ይሆናል።

ሁለተኛው «ራሳቸው ፈልገው ነው» የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ ሙርሲ ማንም የሚያሾረው ምስኪን አይደለም፤ ይደራደራል፣ ይቆጣል፣ አልፈልግም ይላል። ነገር ግን እርሻው ያጠረበት ሰው የቀረለትን ገበያ መምረጡ ገበያውን ፍትሐዊ አያደርገውም። በሰሜን ታይላንድ ማይ ሆንግ ሶን የሚኖሩት፣ አንገታቸውን በቀለበት ያስረዘሙ የካያን ሴቶች ከምያንማር የተሰደዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኤጀንሲ፣ ወደ ሌላ ሀገር እንዳይሄዱ የተከለከሉት ለቱሪስት ሲባል ይሆናል ብሎ ድምፁን አሰማ፤ «የሰው መካነ እንስሳ» የሚለውም ቃል ያን ጊዜ በሰፊው ተነሳ። እነዚያም ሴቶች ለፎቶ ፈገግ ይሉ ነበር።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም ይከብዳል፦ «የጂንካውም አስጎብኚ ያንኑ ተረት ይደግማል፤ ዋጋም ያስወድዳል።» እውነት ነው። ጎብኚው መስማት የሚፈልገውን የሚሸጥ የአካባቢ ልጅ አለ። ያ ግን ከሌላ ቦታ ሰው ለማምጣት ምክንያት አይሆንም። ተራኪ በግማሽ ቀን አበልና ያለ መጽሐፍ አይፈራም። ሙያውን የሚያሳድገው ሙሉ ሥራ፣ ሙሉ ክፍያና የሚጠየቅበት ስም ነው።

*

መፍትሔው ገና የሚፈለግ ምሥጢር አይደለም።

አንድ፦ ጂንካ «አዳር» መሆኗ ያብቃ። ሁለት ሙሉ ቀን ይሰጣት። የመጀመሪያው ጠዋት በሙዚየሙ ይጀመር፤ ጎብኚው ሰው ፊት ከመቆሙ በፊት ጥቂት ይወቅ። ከዚያ ገበያው። ከዚያ በእግር ወደ አሪ መንደሮች፦ ሸክላ ሠሪዋ ጋር፣ ቀጥቃጩ ጋር፣ የእንሰቱ ጓሮ ውስጥ። ቀጥሎ የገበያ ቀን ተከትሎ መሄድ ይቻላል፦ ማክሰኞ አልዱባ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ። ገበያ ላይ ጎብኚው ገዢ ነው፣ ሻጩም ባለ ሱቅ ነው፤ ሁለቱም ቆመው ይነጋገራሉ።

ሁለት፦ የአካባቢው አስጎብኚ ለሙሉው ቆይታ ይቀጠር። ስሙ በፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ፤ ክፍያው ከአዲስ አበባው አስጎብኚ እኩል ይሁን።

ሦስት፦ የጠቅታ ክፍያ ይቅር። መንደሩ ራሱ የወሰነው የመግቢያ ዋጋ በአደባባይ ይለጠፍ፤ ገቢውም ምን ላይ እንደዋለ እንዲሁ።

አራት፦ መጽሐፉ ይጻፍ። የምርምር ማዕከሉ፣ ዩኒቨርሲቲውና የባህልና ቱሪዝም መምሪያዎቹ አንድ ላይ ሆነው መቶ ገጽ የማትሞላ፣ ኪስ የምትገባ የአማርኛ መጽሐፍ ማውጣት ከአቅማቸው በላይ አይደለም። የ16ቱም ብሔረሰቦች ልጆች ይጻፏት። በየቋንቋው ሰላምታ፣ የገበያ ቀናት፣ ምን እንደሚነሳና ምን እንደማይነሳ፣ ሸክላው ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ፣ ግድቡ ከመጣ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ይኑርባት። እንግሊዝኛው ትርጉም ከእሷ ይውጣ።

አምስተኛው የተጓዡ ነው። ገንዘብ ከማስገባቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ የሚያስጎበኘው ማን ነው፣ የየት ልጅ ነው? ከምንከፍለው ለመንደሩ የሚደርሰው ስንት ነው? መንደሩ ውስጥ ስንት ሰዓት እንቆያለን? ሻጩ ሦስቱንም መመለስ ካቃተው የሚሸጠው የሰው ፊት ነው፤ ገንዘቡ በኪስ ይቅር።

የሚመጣው ቅዳሜም ጂንካ ትገበያያለች። ሸክላው በሣር ተጠቅልሎ ከደጋ ይወርዳል፣ ማሩ በቅል ይመጣል፣ የቡና ገለባው በጆንያ ይዘረገፋል። ያን ዕለት መኪናውን አቁሞ የወረደ፣ ካሜራውን ከቦርሳው ሳያወጣ «ይህ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ጎብኚ ሀገሩን ማወቅ ጀምሯል።